የአንዲት ወጣት ሴት ራስን ፍለጋ በልብ ወለድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አራት ኪሎ ቡና እየጠጣን ረቂቅ የምንነባበብ ጥቂት ሰዎች አለን፤ ጠረጴዛችን ላይ ደጋግመው የሚነሱት ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ እነሆ።

ይህ ዓይነቱ ልብ ወለድ ከተለመደው የፍቅር ልብ ወለድ በምን ይለያል?

በሚይዘን ጥያቄ። የፍቅር ልብ ወለድ «ይጋባሉ ወይስ አይጋቡም?» እያለ ገጹን ያስገልጠናል። ይኼኛው ደግሞ «ይህች ልጅ ማን ናት? ምንድን ነው የምትፈልገው?» እያለ ነው። ወንዶች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። እናት ትቆጣለች። ጓደኛ ትርቃለች። አንባቢው ግን ዓይኑን የሚጥለው ልጅቷ ላይ ነው።

አንድ ቀላል መፈተኛ አለኝ። ፍቅረኛውን ከታሪኩ አውጡት። የሚቀር ነገር ከሌለ የጻፋችሁት የፍቅር ታሪክ ነው። ምንም ነውር የለውም፤ ጥሩ የፍቅር ታሪክ እኔም እወዳለሁ። እሱ ከወጣ በኋላም የምትፈራው፣ የምትመኘው፣ የምትደብቀው ነገር ካላት ግን ስለዚህኛው ልብ ወለድ ነው የምናወራው።

በአማርኛ እንዲህ ያለ ታሪክ አዲስ ነው?

አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ በ1900 ዓ.ም ሮም ላይ ሲታተም፣ ውስጡ ጦቢያ የምትባል ልጅ ነበረች። የወንድ ልብስ ለብሳ መንገድ ትወጣለች። በ1958 ዓ.ም ደግሞ የሐዲስ ዓለማየሁ ሰብለ ወንጌል መጣች። እሷም የፊታውራሪ መሸሻን ቤት ጥላ የወደደችውን ፍለጋ ትወጣለች። ሁለቱም መንገድ የሚወጡ ሴቶች ናቸው። ሥነ ጽሑፋችን ገና ከጅምሩ ቤት የማትቀመጥ ልጅ ነበረችው።

መድረሻቸውን እዩልኝ ግን። ጦቢያ በሰርግ ትጨርሳለች፣ ሰብለ በምንኩስና። ለጊዜያቸው ሌላ በር አልነበረም። ዛሬ የሚጽፍ ሰው ሦስተኛ በር አለው። ልጅቷ ሳታገባም ሳትመነኩስም ልትኖር ትችላለች፤ ተከራይታ፣ ሠርታ፣ ተሳስታ፣ እንደገና ጀምራ። ይህን በር ከፍቶ መግባት ነው የኛ ሥራ።

«የተወሳሰበ ግንኙነት» ሲባል ስንት ወንድ ያስፈልጋል?

አንድም ይበቃል። የወንዶቹ ብዛት ታሪኩን አያወሳስበውም። ደጋግሜ የማገኘው ረቂቅ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የሚያታልላት ጎረምሳ፣ ቀጥሎ ገንዘብ ያለው ትልቅ ሰው፣ በመጨረሻ ደጉ ልጅ። ተራ ይዘው ይመጣሉ። እሷ እንደ ታክሲ ፌርማታ ቆማ ትቀበላቸዋለች።

በእኛ አገር ግንኙነትን ከሁሉ በላይ የሚያወሳስበው ውለታ ነው። ከክፍለ ሀገር አምጥታ ያሳደገቻት አክስት አለች። ቤሩት ሆና የትምህርት ቤት ክፍያዋን የላከችላት ታላቅ እህት አለች። የመጀመሪያ ሥራዋን ያስገባት የአባቷ ጓደኛ አለ። ልጅቷ እነዚህን ሰዎች ትወዳቸዋለች። «አይሆንም» ልትላቸው ግን አትችልም፤ አፏን ስትከፍት የበላችው እንጀራ ትዝ ይላታል። ይሉኝታ ጉሮሮ የሚይዘው እዚህ ጋ ነው።

የእህቷን ነገር አስቡት። እህትየዋ በሰው ቤት ጉልበቷን ሸጣ ላከች። ልጅቷ ተመረቀች። አሁን ያጠናችውን ሙያ እንደማትወደው ገባት። ለማን ትንገር? በቪዲዮ ስልክ የእህቷን የደከመ ፊት እያየች «ልተወው ነው» እንዴት ትላለች? እውነት ለመናገር እኔ ከሦስቱ ወንዶች ይልቅ ይህን አንድ የስልክ ጥሪ ባነብ እመርጣለሁ።

ለምን መሐል አዲስ አበባ? ፒያሳስ ፈርሶ የለ?

መሐል ከተማ ሰውን ከሰው ያጋጫል። ልጅቷ ከአራት ኪሎ ቁልቁል ወርዳ፣ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግራ፣ የፒያሳን ዳገት እስክትወጣ ድረስ የግቢ ጓደኛዋን፣ የአክስቷን ጎረቤትና ያኮረፈችውን ልጅ በየተራ ልታገኝ ትችላለች። ሁሉም በእግር ነው። ከተማው ትልቅ ነው፤ መሐሉ ግን መንደር ነው። ስለዚህም ነው የፍቅረኛዋን ቁጥር ስልኳ ላይ «ሳራ ቢሮ» ብላ የምትመዘግበው። ሚስጥር ያላት ሴት ለመጻፍ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

መፍረሱን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ዓመተ ምሕረቱን ወስኑ። ዶሮ ማነቂያ የፈረሰው በ2016 ዓ.ም ነው፤ ካዛንቺስ በ2017። ቀላል ባቡሩ ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ነው። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የተከፈተው በ2014፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ የተመረቀው የካቲት 2016 ነው። በ2005 ዓ.ም የምትኖር ገጸ ባሕሪ አብርሆት ተቀምጣ ስታጠና ያነበብኩበት ረቂቅ አለ። ከዚያ ገጽ በኋላ ልጅቷን ማመን አቃተኝ።

የሚበልጠው ጉዳይ ግን ይህ ነው፦ ያደገችበት ሰፈር ፈርሶ ቤተሰቧ ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ቢገባ፣ እሷ ውስጥ ምን ይሆናል? ድሮ በጋራ ቧንቧ ዙሪያ ስንት ሰዓት እንደገባች የማያውቅ ጎረቤት አልነበረም። በጭቃ ግድግዳው በኩል የእማማ ሳል ይሰማል። አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ማንም አያያትም። የሚያፍኗት ዓይኖች ሄዱ። ስትታመም ሾርባ ይዘው የሚመጡትም አብረው ሄዱ። ነጻ ወጣች ወይስ ብቻዋን ቀረች? ሁለቱም ነው። ሁለቱን ባንድ ዓረፍተ ነገር መያዝ ከቻላችሁ፣ ሰፈር መፍረሱ የልጅቷ ታሪክ ሆኗል ማለት ነው።

በ«እኔ» ልጻፈው ወይስ በ«እሷ»?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። አማርኛ ለዚህ ታሪክ የተለየ ስጦታ አለው። በአማርኛ «እኔ» ጾታ የለውም። «ተነሳሁ፤ ፊቴን ታጠብኩ፤ ወጣሁ» ብትል ወንድ ትሁን ሴት አናውቅም። «ደክሞኛል» ብትልም አናውቅም። ታክሲ ስትገባ ረዳቱ «እህት፣ ጠጋ በይ!» ሲል ግን አወቅን። ሴት መሆኗን መጀመሪያ የምንሰማው ከሌላ ሰው አፍ ነው።

አስቡት እስቲ። ለብቻዋ ስታስብ እሷ እንዲሁ ሰው ናት። ከበር ስትወጣ ከተማው ስም ይለጥፍባታል። ረዳቱ «እህት» ይላታል። ጎረምሳው «ቆንጆ» ይላታል። አለቃዋ «አንቺ ልጅ» ይላታል። አንድ ቀን ደግሞ የጎረቤት ሕፃን ለመጀመሪያ ጊዜ «እትዬ» ይላታል፤ ያን ዕለት ማታ መስታወት ፊት ትቆማለች። ራስን መፈለግ በሚባለው ነገርና በቋንቋችን ሰዋስው መካከል እንዲህ ያለ መተላለፊያ አለ። በ«እኔ» የምትጽፉ ከሆነ ተጠቀሙበት።

«እሷ» ሌላ ጥቅም አለው። ልጅቷ የማታውቀውን እኛ እንድናውቅ ያደርጋል። ራሷን የምታታልል ከሆነ፣ ለምሳሌ «አልወደውም» እያለች በቀን አሥር ጊዜ ስልኳን የምታይ ከሆነ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ማየት ይሻላል። አንዱን መርጣችሁ ሃያ ገጽ ጻፉ። የትኛው እንደሚስማማ እጃችሁ ይነግራችኋል።

«አንተ» እና «እርስዎ» ያን ያህል ለውጥ ያመጣሉ?

እንዴታ! እኛ ትልቁን ነገር በግስ መድረሻ እንጨርሰዋለን። ልጅቷ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ አለቃዋ አርባ አምስት። ቢሮ ውስጥ «ደረሱ?» ትለዋለች። ከሁለት ወር በኋላ ማታ በስልክ «ደረስክ?» ትለዋለች። ምንም ሌላ ነገር መጻፍ አያስፈልግም፤ አንባቢው ክው ይላል። በማግስቱ ሰው ፊት ስታገኘው ምላሷ ይደናቀፋል። ያ መደናቀፍ ራሱ ትዕይንት ነው። ስትጣላው ደግሞ በብርድ ድምፅ ወደ «እርስዎ» ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ «ጨርሰናል» ብላ መናገር አይጠበቅባትም።

የፍቅር አጠራራችንንም አትርሱ። እናት ልጇን ስታቆላምጥ «ና እስቲ አባቴ» ብላ ወንድ ታደርጋታለች። ሴት ጓደኛሞች እርስ በርስ «አንተ!» ይባባላሉ። ወንድን «አንቺ» ማለት ደግሞ እንደ አነጋገሩ ቁልምጫም ስድብም ይሆናል። ጾታ በአማርኛ እንዲህ ይጫወታል። ማን ማንን፣ በምን ሰዓት፣ በምን ስሜት እንዲህ እንደሚለው ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙ።

አንድ ተግባራዊ ነገር፦ በ«እኔ» ስትጽፉ እናቷ «መጣች» ናት ወይስ «መጡ»? ሁለቱም ቤት ውስጥ ያለ ነው። አንዱን ምረጡና ጽኑ። እስከ ምዕራፍ አምስት «መጣች» ያለችው ልጅ ምዕራፍ ስድስት ላይ «መጡ» ካለች፣ ምክንያት ሊኖራት ይገባል።

ስለ ሥራዋና ስለ ገንዘቧ ምን ያህል ልጻፍ?

አሁን ከምትጽፉት በእጥፍ። አብዛኛው ረቂቅ ላይ ልጅቷ ትወዳለች፣ ታለቅሳለች፣ ካፌ ትቀመጣለች፤ ማኪያቶውን ማን እንደሚከፍል ግን አይታወቅም። የት ነው የምትሠራው? ደሞዟ በስንተኛው ቀን ያልቃል? ዕቁብ አላት? ከማን ጋር ነው ቤት የተጋራችው?

ኪራይ ብቻውን ስንት ነገር ይናገራል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል። ያንን ቤት ለሁለት ከጓደኛዋ ጋር ይዛው ጓደኝነቱ በስድስተኛው ወር ቢፈርስስ? የሚቀራት አንድ ዓመት ተኩል ነው፤ አንድ ኩሽና፣ አንድ መታጠቢያ ቤት፣ ሁለት የተኮራረፉ ሴቶች። አከራይዋም አለች፤ «ወንድ ልጅ አይገባም» የምትል፣ ግን ልጅቷ ስታተኩስ በፌስታል ሎሚ ይዛ በሯን የምታንኳኳ። አከራይን ክፉ ብቻ አድርጋችሁ አትጻፉብኝ።

ረቂቄን ለሰው ባሳይ ሐሳቤን ይሰርቁኛል?

ሥራችሁ ከተጻፈ ጀምሮ የእናንተ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃውን የሚሰጠው ለተጻፈው ሥራ ነው፤ ለባዶ ሐሳብ አይደለም። የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። «የክፍለ ሀገር ልጅ አዲስ አበባ መጥታ ራሷን ስትፈልግ» የሚለው ሐሳብ የማንም አይደለም፤ ሺህ ሰው ሊጽፈው ይችላል። የእናንተ የሚሆነው ያቺ ልጅ ያን ማታ ያለችው ቃል ነው። ስለዚህ ለሁለት ሦስት ለምታምኗቸው ሰዎች አሳዩ። ያልታየ ረቂቅ አይበስልም።

ገጸ ባሕሪዬ ሳታገባ ከፍቅረኛዋ ጋር ትኖራለች። ይህ ያስኬዳል?

በከተማችን የሚሆን ነገር ስለሆነ ይጻፋል። ሕጉም ያውቀዋል። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብሮ ስለመኖር የራሱ ክፍል አለው። ግንኙነቱ ቢያንስ 3 ዓመት ከቆየ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራ ይሆናል። አሁን ሁለቱ በሁለት ዓመት ከአሥር ወራቸው ቢጣሉስ? ፍሪጁን የገዛው ማን ነው? ሶፋውስ? እሷ ደግሞ «ሕግ ይኑር አይኑር፣ መጋረጃውን የሰፋሁት እኔ ነኝ» ብትል? ደረቅ የሚመስል አንቀጽ እንዲህ ደም ያገኛል።

ከሕጉ ይልቅ ግን ቃሉን አድምጡ። ጎረቤት ስለነሱ ሲያወራ «አብረው ይኖራሉ» አይልም። «አስቀምጧት ነው» ይላል። ሰዋስው ውስጥ እንኳ አስቀማጩ እሱ ነው፤ እሷ እንደ ዕቃ የተቀመጠች ናት። ኪራዩን ግማሹን እየከፈለች! ልጅቷ ይህን ቃል ከመስኮት ስር ስትሰማ ምን ታደርጋለች? መልሱ ስለ ማንነቷ ከአሥር ገጽ ሐተታ በላይ ይነግረናል።

ወንድ ሆኜ የሴት ገጸ ባሕሪ ከውስጥ ሆኜ መጻፍ እችላለሁ?

ትችላለህ። ጦቢያንም ሰብለንም የጻፉት ወንዶች ናቸው። ግን ሥራ ይጠይቃል። ወንዶች ረቂቅ ላይ ደጋግሜ የማየው ስህተት አንድ ነው፦ ልጅቷ ራሷን በወንድ ዓይን ታያለች። ደረጃ ስትወርድ ስለ ወገቧ ታስባለች። ሴት ልጅ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ከታክሲ ስትወርድ የምታስበው ስለ መብራት፣ ስለ ውሻ፣ ከኋላዋ ስላለው የእግር ኮቴና ቁልፏን ስላደረገችበት ኪስ ነው።

እህትህን ጠይቃት። «የት ጋ ስትደርሺ ነው እርምጃሽን የምታፈጥኚው?» በላት። ያቺን ቦታ በስሟ ትነግርሃለች። ከዚያ አብረሃት ሂድና ራስህ እየው። ስትጨርስም ረቂቁን ሴቶች ያንብቡት፤ «ይሄ ልክ አይደለም» ሲሉህ አትከራከር።

የመኝታ ትዕይንት በአማርኛ እንዴት ይጻፋል?

ከባድ ነው። ችግሩም የድፍረት ብቻ አይደለም። ያሉን ቃላት ወይ የሐኪም ቤት ናቸው ወይ የስድብ። መሐሉ ባዶ ነው። አንዳንዱ ጸሐፊ በቅርንጫፍና በአበባ ይሸፍነዋል፤ ያም ደስ አይልም። አንባቢ ሲሸፋፈንበት ያውቃል።

የኔ ሐሳብ ይኸው፦ ቋንቋችን አንድ ጠንካራ ግስ ሰጥቶናል፤ ማደር። «አደረች» ስንል ሁሉም ነገር ውስጡ አለ። «እንዴት አደርሽ?» የየጠዋቱ ሰላምታ ነው። «የት አደርሽ?» ግን ችሎት ነው። በነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መካከል ያለች አንዲት ጠዋት፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ደረጃ የምትወጣ ልጅ፣ በሩን ከውስጥ የምትከፍት እናት። ብዙ ጊዜ ትዕይንቱ ይህ ነው። አልጋው ላይ መግባት ካለባችሁ ግቡ፤ ግን እሷ የተሰማትን ጻፉ። ፈራች? አዘነች? ሳቀች? የእሱን ቤት ጣሪያ ስትቆጥር ነበር? ደስታ ከሆነም ደስታውን አትንፈጓት። ያልፈለገችው ነገር ከሆነ ደግሞ አታስውቡት፤ በፍቅር ስም አትጥሩት።

ታሪኩ የኔው ነው። የቀድሞ ፍቅረኛዬ ራሱን ቢያገኘውስ?

ስም መቀየር ብቻ አይበቃም። እንዳልኩት መሐል ከተማው መንደር ነው። «ዓይኑ ሥር ጠባሳ ያለው፣ ጊታር የሚጫወት፣ ስድስት ኪሎ የተማረ» ካላችሁ ስሙን አሥር ጊዜ ብትቀይሩም የሚያውቀው ያውቀዋል። ሙያውን፣ ሰፈሩን፣ መልኩን፣ የተገናኛችሁበትን ቀየር አድርጉ። ከዚያም አንድ ዋና ነገር ቀይሩ፦ እሱ የተወሽ ከሆነ፣ ገጸ ባሕሪሽ ትተወው። የስም ማጥፋት ክስና የሰው የግል ሕይወት ቀልድ አይደሉም፤ በተለይ እውነት የሆነና ያልሆነ ነገር ሲቀላቀል።

ሌላም ምክንያት አለኝ። እውነቱን እንዳለ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ክስ ነው። እሱ በዳይ፣ እኔ ተበዳይ። ቁስሉ እውነተኛ ነው፤ ይገባኛል። እንዲህ ያለ ታሪክ ግን ልጅቷን አያሳድጋትም። አንድ ጊዜ ለአንዲት ልጅ «ይህን ምዕራፍ በእሱ ዓይን ጻፊው፣ አታስገቢውም፣ ዝም ብለሽ ጻፊው» አልኳት። ተቆጣችኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይዛው መጣች። እሷም በዚያ ግንኙነት ውስጥ የዋሸችበት ቦታ እንደነበረ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ያኔ ነው። መጽሐፉ ከዚያ ገጽ ነው የጀመረው።

መጨረሻው ሰርግ ካልሆነ አንባቢ አይከፋውም?

አንዳንዱ ይከፋዋል። ሽማግሌ ሲላክ፣ ቀለበት ሲታሰር፣ እልልታ ሲሰማ ደስ የማይለው ማን አለ? ሰርግ ይግባ፤ ምንም ክልክል የለም። መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ ሰርጉ የምርጫዋ ነው ወይስ የድካሟ? ሠላሳ ሞላት፣ «ቆማ ቀረች» ተባለች፣ እናቷ ስዕለት ተሳለች፣ እሷም ደከማትና «እሺ» አለች። ይህም ታሪክ ነው፤ ግን አሳዛኝ ታሪክ ነውና እንደ ደስታ አታቅርቡት።

«ራሷን አገኘች» ማለት ደግሞ በንግግር አይታወቅም። መጨረሻው ገጽ ላይ ተራራ ላይ ቆማ ስለ ነጻነት ስታወራ ያነበብኩባቸው ረቂቆች ብዙ ናቸው፤ ተራራው ብዙ ጊዜ እንጦጦ ነው። እኔን የሚያሳምነኝ ትንሽ ነገር ነው። ምዕራፍ አንድ ላይ ሆቴል ገብታ «እሱ ያዘዘውን» ያለች ልጅ፣ መጨረሻ ላይ ሜኑውን ወስዳ አንብባ የራሷን ብታዝ ይበቃኛል። ስልኳ ላይ «ሳራ ቢሮ» የሚለውን ስም ብትቀይረው ይበቃኛል። ወይም ለቤሩቷ እህቷ ደውላ ያንን ያልተባለ ነገር ብትላት። እህትየዋ ምን እንደምትመልስ እናንተም ስትጽፉት ነው የምታውቁት።

እናቴ ብታነበውስ?

ይህ ጥያቄ የሚመጣው ሌሎቹ ከጠረጴዛው ከተነሱ በኋላ ነው፤ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ። የሚጠይቁትም ሴቶች ብቻ አይደሉም። ስለ ፍርሃቱ ዋሽቼ አላጽናናም። እኔም ፈርቼ ነበር። የመጀመሪያው አጭር ልብ ወለዴ መጽሔት ላይ ሲወጣ ቅጂውን ቤት አላስገባሁም። እናቴ ከጎረቤት ተውሳ አነበበችው።

ሦስት ቀን ምንም አላለችም። በአራተኛው ቀን ቡና እየቆላች፣ ቀና ሳትል፣ «ያቺ ልጅ እናቷን አንድ ቀን እንኳ ምነው ሳትጠይቃት?» አለችኝ። «ምን ብላ?» አልኳት። «አንቺስ በኔ ዕድሜ ምን ነበር የምትፈልጊው፣ ብላ ነዋ» አለች። ምጣዱን ወደ እኔ አቀረበችልኝ፤ ጭሱን እንድስብ። ያን ቀን እስኪመሽ አወራን። ታሪኩን ወደ ረጅም ልብ ወለድ ሳሳድገው ለእናትየዋ ሙሉ አንድ ምዕራፍ ሰጠኋት።